የከሰል ክምርን ሆድ ማስላት

እኛ ሰዎች ውጭውን አይተን ውስጡን ካልፈረድን እንቅልፍ አይወስደንም። ሐኪሙ ግንባራችሁን ዳብሶ ይፈርዳል፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴትዮም ጫማችሁን አይታ ፈርዳ ጨርሳለች። የእኔ ልዩነት ለዚሁ ሥራ ዲግሪ መያዜ ብቻ ነው። እንጅባራ ላይ የማስተምረው፣ የአንድን ነገር የውጭ ሙቀት ለክቶ በውስጡ ያለውን እሳት በኮምፒውተር ስለማግኘት ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይገምታል፤ ግምቱ ከውጩ ልኬት ጋር አልገጥም ካለ አስተካክሎ እንደገና ይገምታል፤ እስኪገጥምለት ይኸው ነው ሥራው። አትሳቁ፣ ብዙ ሰው የሚያገባውም እንዲሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ይህን እውቀቴን ተሸክሜ፣ አዲስ ቅዳም አጠገብ ወደሚኖሩት የባለቤቴ አባት፣ ወደ አያ ሙሉነህ ሄድኩ። ስንት ዓመት የጠበቁትን የዲከረንስ ዛፋቸውን ቆርጠው፣ ከምረው፣ አፈር አልብሰው ከሰል እያከሰሉ ነበር። እንዲህ ያለ ክምር ውስጡ ሳይበርድ ከተከፈተ አየር ይገባና ያ ሁሉ ልፋት አመድ ይሆናል። እሳቸው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ጣል አድርገው ነው የሚያውቁት። እኔ ሆዬ፣ ቴርሞሜትሮቼን ሰክቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

አንድ ጠዋት፣ ሊያግዝ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ከቦን ሳለ ስሌቱ አለቀ።

«ውስጡ ቀዝቅዟል፤ ይከፈት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

አያ ሙሉነህ መዳፋቸውን አሳረፉ። ጎረቤቶቹን አዩ፤ እኔን አዩ።

«መምህር ካለ ይከፈት» አሉ።

አካፋው ገና ከመግባቱ ክምሩ ቦግ አለላችሁ! ወይ ጉድ! ጎረቤቱ ሁሉ አፈር እየዛቀ ሲረባረብ ግማሹን አተረፍን፤ ግማሹ አመድ ሆነ። ኋላ ሳጣራ የባለቤቴ እናት ያጠቡትን እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ እንዲደርቅላቸው ቴርሞሜትሬ ላይ አስጥተውት ኖሯል። የዚህ ስሌት መዘዙ ይኸው ነው፤ ውጭ ላይ ትንሽ የነበረች ስህተት ውስጥ ስትደርስ እሳቱን በረዶ ታደርገዋለች። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፣ አፈር ልብላ!

እንደ ምንም አያ ሙሉነህን ጠጋ አልኳቸው።

«አያ፣ መዳፍዎ ምን ነግሮዎት ነበር?»

«ገና ነው ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስከፈቱት?»

«የልጄን ባል በሰው ፊት ላዋርደው? ዛፍ እንደሆነ ይበቅላል።»

ይከፈት ሲሉ ፊታቸውን ትክ ብዬ አይቼው ነበር እኮ። ፈገግ ብለዋል። ስሌቴን ያደነቁልኝ መስሎኝ!