የይመር ጢም

ጢም ብዙ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን እንደ አገሩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወጣት ጢሙን ቢያሳድግ ፋሽን ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔን የመሰለ ሙስሊም በኛ ከተማ በመርሳ ቢያሳድግ ሱና ነው ይባልለታል፤ ሰላምታው ረዘም ይላል፣ ሚስቱም ባሏ ሰው ሊሆን ነው ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ክርስቲያን ጎረቤቴን ሁለት ሳምንት ምላጭ ካልነካው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐዘን ላይ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «እግዜር ያጥናህ» ትሉትና ማን እንደሞተበት በኋላ ከሌላ ሰው ታጣራላችሁ። ለቅሶ ቀረ ከመባል እንዲያ ይሻላል።

ይህን ነገር ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው ይመር ነው። ስሙ አያደናግራችሁ፣ ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ውስጥ በስም ሃይማኖት ለመለየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ይመር ፀጉር አስተካካይም ባለሱቅም ነው፣ ሁለቱንም በአንዲት ክፍል። በበሩ በኩል ሳሙናው፣ ክብሪቱ፣ ጨውና የባትሪ ድንጋዩ፤ በውስጥ በኩል መስታወትና አንድ ወንበር። ግማሽ ራሳችሁን ተቆርጣችሁ ሳለ አንዲት ሴት ሳሙና ፈልጋ ብትመጣ፣ ይመር መቀሱን ጭናችሁ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሳሙናውን ይሸጥላታል፤ ስለ ልጆቿ ይጠይቃታል፤ ስለ ላሟም ይጠይቃታል። እናንተ መስታወቱን እያያችሁ ትጠብቃላችሁ። ተናዶ የወጣ ሰው አላየሁም። እንዴትስ ይወጣል? ግማሹ አልተቆረጠም።

የሕፃናቱን የመጀመሪያ ፀጉር፣ የሙሽሮቹን ጢም፣ ሁሉንም የነካው የሱ እጅ ነው። ሽማግሌዎች ሐዘንተኛን «ይበቃል፣ ተላጭ» ብለው እጁን ይዘው የሚያመጡትም ወደዚያች ወንበር ነው።

ታዲያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፤ መብራቱና ስልኩም ተከታትለው ጠፉ። ይመር በመብራት የሚሠራውን ቶንዶሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠና ወደ መቀስና ምላጭ ተመለሰ። ቀጥሎ ምላጩ አለቀ። ወር ሳይሞላ የመርሳ ወንድ በሙሉ ጢማም ሆነ። እውነተኛ ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ነበር፤ ግን የቱ ጢም የሐዘን፣ የቱ የምላጭ እጦት እንደሆነ መለየት አቃተን። ስለዚህ ሰዉ ለጥንቃቄ ሲል ያገኘውን ሁሉ ያጽናና ጀመር። እኔን እንኳ ሦስት ሰው አጽናንቶኛል፤ የሞተችብኝ አንዲት ዶሮ ነበረች።

ነገሩ ጋሼ መንገሻ ዘንድ ሲደርስ ግን ሳቃችን ቀረ። ጋሼ መንገሻ ጎረቤቴ ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ቆቦ እንደወጣ መንገዱ ተዘጋበት። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። አባትየው በበኩላቸው አለ ብለው ወስነዋል። ጢማቸው ሲያድግ ግን ጎረቤት የራሱን ትርጉም ሰጠው፤ አንድ ጠዋት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወጥ ይዘው፣ እያለቀሱ ከበራቸው ደረሱ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

«ልጄን በአፋችሁ ልትገድሉት ነው? ሂዱልኝ!»

ሴቶቹ ወጣቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ጋሼ መንገሻም በቀጥታ ወደ ይመር ሱቅ መጡ። እኔ የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ላጨኝ» አሉት። «ይህ ጢም ልጄን ሊገድልብኝ ነው።»

ይመር እኔን ከጆንያው አስነሣኝና ከሥሩ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ምላጭ አወጣ። በብርጭቆ ውስጠኛ ጎን አሽቶ ስል አደረጋትና ላጫቸው።

«በየቅዳሜው ይምጡ» አላቸው። «ይቺ የአንቱ ናት።»

እኔ ሱናውን በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። «ለኔም አንዴ ብቻ» አልኩት። «አይሆንም፣ ትደነዝዛለች» አለኝ። ተቀየምኩት። ስስታም ነው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

ጋሼ መንገሻ ግን በየቅዳሜው ተላጭተው፣ ፊታቸው እንደ ታጠበ ሳህን እያበራ፣ ቀስ ብለው በዋናው መንገድ ያልፋሉ። የሚያያቸው ሁሉ «ልጁ አለ ማለት ነው» ይላል። ከየት ሰምተው እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም ወልድያ ያሉ ዘመዶቼን እያሰብኩ የሳቸውን ጉንጭ አይቼ ደስ ይለኝ ነበር። ወላሂ፣ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ልጁ በእግሩ መጣ። ቆቦ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት ተጠግቶ ነበር የከረመው። ከስቷል፤ ጢሙም ደረቱ ላይ ደርሷል። አባቱ አቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ቤት እንኳ አላስገቡትም፤ በቀጥታ ወደ ይመር ወሰዱት።

ያኔ ከደሴ ምላጭ በካርቶን ገብቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሰልፍ ነበር። ይመር ከተማውን ሁሉ ሲላጭ የራሱን ጢም ግን አልነካውም። ተራዬ ደርሶ ፊቴ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ፣ ያቺን የድሮ ቂሜን ይዤ ነካካሁት።

«ምነው፣ ሰለምክ እንዴ? ወይስ ለራስህም ሰሰትክ?»

«ተራዬ አልደረሰም» አለና ሳቀ።

ወዲያው አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ ላይ ቆመች። ከውርጌሳ የመጣች የእኅቱ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ የእናቴ መርዶ ደርሶህ ነበር?»

«ደርሶኛል» አለ ይመር። «ሁለት ወር ሆነው።»

እናቱ በልጅነቱ ስትሞት ያሳደገችው ያቺ ታላቅ እኅቱ ናት። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቷ አለቀ። መርዶውን በእግሩ ያለፈ አንድ መንገደኛ ነገረው፤ እሱም ለማንም ሳይተነፍስ ጢሙን በኛ ጢም መሐል ደብቆ ሲሠራ ከረመ። እኔ ዶሮ የሞተችብኝ ሰውዬ በመንገድ ስጽናና፣ የሱን ጢም እያየሁ ስስታም እለው ነበር። አፈርኩ። ከአረፋው ሥር ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

«ኢንና ሊላሂ! ምነው ሳትነግረን?» አልኩት።

«ለቅሶ ብቀመጥ ሱቁ ይዘጋል» አለ። «ቅዳሜ ጋሼ መንገሻን ማን ይላጫቸዋል?»

በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጥን። ሁላችንም ተላጭተናል፤ በድንኳኑ ውስጥ ጢም ያለው እሱ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ አርባው ካለፈ ቆይቷል፣ ይበቃል ብለው እጁን ይዘው ወደራሱ ወንበር አመጡት። ያኔ ነው ማንም ያላሰበው ነገር የመጣው። ማን ይላጨው? እርስ በርሳችን ተያየን።

ጋሼ መንገሻ ጋቢያቸውን ለልጃቸው ሰጥተው መላጫውን አነሡ። ሰው ላጭተው አያውቁም። ሁለት ቦታ ቆረጡት። ግራ ጉንጩን እንደጨረሱ አንዲት ሴት ሳሙና ፈልጋ መጣች። ሽማግሌው መላጫውን የይመር ጭን ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ሳሙናውን ሸጡላት፤ ስለ ልጆቿ ጠየቋት፤ ስለ ላሟም ጠየቋት።

ይመር በግማሽ ጢሙ መስታወቱን እያየ ጠበቀ።