ካርቶን ውስጥ የገባችው ምድጃ

የዋጋ ጭማሪ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የሰውን ጥፋት ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። ሠርጉ የቀረው በነዳጅ ነው፤ ባል አምሽቶ የገባውም፣ አጥብቃችሁ ብትጠይቁት፣ በነዳጅ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ስቄ እንዳላልፍ ግን እኔም አለሁበት፤ ሦስት ዓመት አፍሬ በሆዴ የያዝኩትን ልንገራችሁ።

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ የምኖረው እትዬ በለጠች ግቢ ተከራይቼ ነው። ሦስት ቤት አንድ ቆጣሪ እንጋራለን፤ ሂሳቡንም እኩል እንከፍላለን። የእትዬ ሕግ አጭር ነው፦ አምፖል ይብራ፣ ስልክ ይሞላ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን በበራቸው አይገባም። እኔ አስገባሁ። በካርቶን፣ ከላይ የተማሪ ደብተር ደርድሬ። ላበስልበት እንኳ አይደለም፤ እግሬን ላሞቅበት ነው። የመንዝን ብርድ የማያውቅ ይፍረድብኝ። ያውም የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ምድጃዋ ምን ያህል መብራት እንደምትበላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በግቢው አልነበረም።

ሂሳቡ አሻቀበ። ዕድሌ ሆኖ የመብራት ታሪፍ ማሻሻያው በሬዲዮ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነው።

«ማሻሻያ ይሉታል» አሉ እትዬ፤ «ለማን እንደተሻሻለ አይናገሩም።»

«እኔም ጨርቄን ላሻሽል ነው» አለ ጎረቤታችን ሰይድ፣ ጨርቅ ነጋዴው፤ «ሜትሩን አሳጥሬ።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እትዬ ግን ለቁጠባ ብለው አምፖላቸውን አጠፉ። ማለዳ ዳዊታቸውን በጧፍ ይደግሙ ጀመር። ዓይናቸው ደካማ ነውና ጧፉን ወደ ገጹ፣ ገጹን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ፣ አንድ ቀን የነጠላቸው ጫፍ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ምድጃዋን ይዤ ገባሁ።

«እትዬ፣ ሂሳቡን ያናረችው ይቺ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ምድጃዋንም እኔንም አዩ።

«እንዲህ በይ አሉሽ?»

«እነማን?»

«ደሞዝ የሚከፍሉሽ ናቸዋ። እንጀራሽ ነው ልጄ፣ አልፈርድብሽም። ለማስመሰያ ደግሞ ይቺን ከየት ተዋስሻት?»

በፊዚክስ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ አዘኑልኝ።

ምድጃዋን ዓለም ከተማ ላለችው እህቴ ላክኋት። በሚቀጥለው ወር ሂሳቡ ወረደ።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ለሰይድና ለእኔ፤ «ዝም ባንላቸው ፈሩን።»

አምፖላቸውንም አበሩ። እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ «እውነትዎን ነው እትዬ» አልኩ።