የሙጫ ዘመዶች

በአገሩ ቃል የሚያፍር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን፣ በምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አንድ አለኝ፤ ተስፋዬ ይባላል። ፊደል የቆጠርኩት በጉልምስና ነውና ቃል ሲጣል ያናድደኛል።

በቀደም የጥድ ጣውላ ስንሰነጥቅ ሙጫ ወጣ። አብሮን የሚሠራው ሰርብ በቋንቋው «ስሞላ» አለ፤ ሙጫ ማለቱ ነው። ሩሲያዊውም «ስሞላ»፣ ቡልጋሪያዊውም «ስሞላ»። የጠፋ ወንድም ያገኙ ይመስል ተቃቀፉ። ለሙጫ ሲባል መተቃቀፍ ምን ይሉታል? ቀናሁ። አንድ ሰው እንኳ ይመልስልኝ ብዬ፣ «ሙጫ» አልኩና ተስፋዬን አየሁት። እሱ በጀርመንኛ «ሃርትስ» ብሎ አቀረቀረ።

ከሥራ ወጥተን እኔና እሱ አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን ሙጫ የነካ ጣቱን ሲያሸት ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ልጅ ሆነን ከግራር ላይ እየላጥን የምናኝከው ትዝ ይልዎታል?»

«ምኑ?»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተከፈተ።

«ሙጫው» አለ።

ወሬው ይዞን ሁለታችንም ሳንሳፈር ቀረን።