ምራቂ ያለው ጌም

ገበያ ወጥቶ ምራቂ የማይጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ከላንቴ የመጣች ሙዝ ሻጭ ፊት ስቆም፣ ዓይኔ የሚሄደው የገዛሁት ላይ ሳይሆን ከላይ ጣል የምታደርግልኝ ሁለት ፍሬ ላይ ነው። ቤት ገብቼ ሳየው ብዙ ጊዜ የበሰበሰው ያው ምራቂው ይሆናል። እናንተስ? ምራቂ የገዛችሁትን ነገር ያሻሽለዋል ወይስ ልብ ብቻ ነው የሚያስደስተው? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ግን ሙዝ አይደለም። ጌም ነው።

አትሳቁ። የልጅ እናት ጌም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት የምትሉ ካላችሁ፣ እኔና ባለቤቴ ዘለቀ የተዋወቅነው ጌም ቤት በር ላይ መሆኑን ልንገራችሁ። ያኔ ሲቀላ ሰፈር መንገድ ዳር ማንጎ እሸጥ ነበር፤ ከጎኔ ያለው ጌም ቤት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ኳስ ይጫወታል። ዘለቀ ግን ደንበኛ ሲጠፋ የሚከፍታት አንዲት ረጅም ጌም ነበረችው። አንድ ወጣት ከትንሽ መንደር ይነሳል፣ በየከተማው ጓደኛ ያፈራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ከጭራቅ ጋር ይጋጠማል፣ መጨረሻ ላይ ከክፉው ንጉሥ ጋር ይፋለማል። ሩጫ የለ፣ ተኩስ የለ፤ ተራ ጠብቆ መማታት ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ዘለቀ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኛል፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። ቆይቼ ስረዳው አብዛኛውን ከራሱ ነበር የሚሞላው። ያገባሁት በዚያ ነው።

ንጉሡ ጋ ሳይደርስ ጌም ቤቱ ተዘጋ። ቁጭቱ ግን አብሮን ጎጆ ወጣ።

አሁን ዘለቀ ምዕራብ ዓባያ አንድ እርሻ ላይ የውሃ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ባለፈው ዓመት እህቱ ከአረብ አገር በሰው እጅ መዳፍ የምታክል መጫወቻ ላከችለት። ውስጧ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ያችው ጌም! ግን ምራቂ አላት። አዲስ ደሴት፣ አዲስ ጭራቅ፣ አዲስ ጓደኛ ጨምረውባታል። ዘለቀ ደስ ይለዋል ስል ፊቱን አጨማደደ። ያለቀ ነገር ላይ ምን ይጨምራሉ አለ። ደሴቷን ሳይረግጣት፣ አዲሱን ጓደኛ ሳያናግረው፣ በድሮው መንገድ ብቻ ስምንት ወር ቅዳሜና እሁድ ተጉዞ ንጉሡ በር ላይ ደረሰ። የሚመጣው ቅዳሜ እገጥመዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካት ብሎ ሄደ።

እኔ ደግሞ ከምራቂው አንዲት ነገር አጓጉታኛለች። በድሮው ጌም የልጁ እናት መጀመሪያ ላይ በር ድረስ ሸኝታው ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ አይከፈትም። ማንጎ ስሸጥ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ቤዛን ከወለድኩ በኋላ ግን ያች ሴትዮ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ልጇ በልቷል? ታሟል? ማን ነግሯት ያውቃል? በአዲሱ ግን ልጁ ተመልሶ ቢያንኳኳ በሩ ይከፈታል ተብሎ ካርቶኑ ላይ መጻፉን ዘለቀ አንብቦልኛል። ዘለቀን እንሂድ እስቲ ብለው፣ ድሮ የሌለ ነገር ነው ብሎ እምቢ አለ።

ሐሙስ ቀን ቤዛ ስትተኛ መጫወቻዋን አነሳኋት። ከንጉሡ በር ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጁን ከመንደር ለማስወጣት ግን ፈራሁ። ባለው ሳንቲም ሁሉ መድኃኒት ገዛሁለት። አሁንም አልወጣም። ደግሞ የቁስል ቅጠል ጨመርኩለት። ይኼኔ ቤዛ ተነስታ ጮኸች፤ ቶሎ ልዝጋ አልኩ።

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። አማርኛውን ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን የማውቀው መስመር ቆጥሬ ነው። ጌም ቤት ሳለን ዘለቀ ደንበኛ ሲመጣበት የምዘጋለት እኔ ነበርኩ፦ ሦስት መስመር ወደ ታች፣ ክቧን ቁልፍ መጫን፣ ሲጠይቅ እሺ ማለት። እንደዚያው አደረግኩ። ለካ ምራቂውን ሲጨምሩ እዚያም አንድ መስመር ጨምረዋል! ሦስተኛው አሁን መዝጊያ አይደለም፣ የደረሱበትን ማስቀመጫ ነው። የኔን መድኃኒት ተሸካሚ ልጅ ዘለቀ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ስምንት ወር እሺ ብዬ አጠፋሁ።

ዓርብን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ቅዳሜ አባቴ ለቤዛ ጋቢ ሠርቶላት ከጨንቻ ወርዶ ነበር። ዘለቀ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነገርኩት።

«ዘሌ፣ ንጉሡ የለም።»

«ማን ገደለው?»

«ማንም። ገና ከመንደር አልወጣንም።»

ቁጭ አለ። አባቴ ሰው የሞተብን መስሎት ነጠላውን አስተካከለ። ነገሩን አስረዳሁት፤ ስለ ምራቂውም፣ ስለ መስመሩም። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሸማኔ ነውና ሁሉንም ነገር የሚያየው በክር ነው። ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለአማቹ ተናገረ።

«ባለቀ ልብስ ላይ ጥለት ጨምርልኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ ልስፋው ወይስ ልፍታው ብዬ እጠይቃለሁ። የተሰፋ ያስታውቃል። ሚስትህ ግን ሳትጠይቅህ ፈታችልህ። እንግዲህ ቁጭ በልና ሥራ።»

ዘለቀ መጫወቻዋን አነሳ፣ ልጁን ከመንደር አወጣ፣ አንድ ጭራቅ ገጠመ። መድኃኒት ስለሞላለት ቁስሉ ወዲያው ዳነ። ያን ሁሉ መድኃኒት ሲያይ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል አየሁት። ከዚያ ምንም ሳልለው ልጁን ወደ እናቱ በር መልሶ አንኳኳ። በሩ ተከፈተ።

ቤዛን አቅፌ ተጠጋሁ። ምን አለችው አልኩ። ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።

«ልጄ፣ ከስተሃል ትላለች። እዚያ የሚሠሩልህን ምግብ ትበላለህ? ፀሐዩ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ቆብህን አትርሳ። ሞተሩን ስታስነሳ እጅህን ጠብቅ። ስትመጣ መኪናው እንዳይበር ንገረው። ቅዳሜ እስክትደርስ አንጀቴ አያርፍም ትላለች።»

አባቴ ደህና እናት ናት አለ።

በጭራቅ አገር የውሃ ሞተር ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ብቻ በትከሻው በኩል አጮልቄ አየሁ። እናትየዋ አፍ ሥር ያለው ጽሑፍ አንድ መስመር ነው፤ ያውም አጭር። እንግሊዝኛውን ማንበብ ባልችልም፣ መስመር መቁጠር እችላለሁ።