በግ የማይገባበት መስክ

ሰው ቤት ሲሠራ ለራሱ የሚሠራ ይመስለዋል። ግድግዳው ከጉልበት በላይ ከፍ ካለበት ቀን ጀምሮ ግን ቤቱ የመንደሩ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ይመለከታል፣ በሩ በዚያ በኩል ቢሆን ኖሮ ነፋሱን ይከላከል እንደነበር ይናገራል፣ ጣራው ጥቂት ዝቅ ቢል ብርዱ እንደሚቀንስ ይመክራል፣ ከዚያም የመከረው እንደማይፈጸም እያወቀ ደስ ብሎት ይሄዳል። እናንተም ታውቁታላችሁ። የሰው ቤት ሲሠራ የማናየው ጉድለት የለም፤ የራሳችን ሲሠራ ደግሞ የምናየው ጉድለት የለም።

እኔም ብሆን ጉድለት የሌለበት ሳሎን አለኝ። ሶፋው ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣለትም፤ እንግዳ ሲመጣ እናነሣዋለን ብለን ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን የምናስቀምጠው ማድ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ይበርዳል። ስለዚህ በጋሽ ተሰማ ለመሳቅ መብት የለኝም።

ቢሆንም ልስቅ ነው።

ጋሽ ተሰማ የታላቅ እህቴ የዘነበች ባል ነው። ጡረታ ወጥቶ ወደ ደጋዋ ከተማችን ወደ ዘመሮ እስኪመለስ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ቦርሳ ሲሸከም ኖሯል። ጎልፍ አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። አንድ ሰፊ መስክ ይከለላል፣ ሣሩ በየጊዜው ይታጨዳል፣ ከዚያ አንድ ሰው የዶሮ እንቁላል የምታህል ነጭ ኳስ በዱላ ይመታና በእግሩ ይከተላታል። ሲደርስባት ይቅር አይላትም፤ ደግሞ ይመታታል። እንዲህ እያለ አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ሲከታት ደስ ይለዋል። ዱላው ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ በቦርሳ ይያዛል፣ ቦርሳው ስለሚከብድ ደግሞ ተሸካሚ ያስፈልገዋል።

ጋሽ ተሰማ ግን ቦርሳ ብቻ አልነበረም የሚሸከመው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ የትኛው ዱላ እንደሚሻል ይናገራል፤ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳያል፤ «ትከሻዎን ይልቀቁት ጌታዬ» ይላል። ኳሷ ጥሩ ከሄደች የመቺው ጎበዝነት ነው፣ ጫካ ከገባች የጋሽ ተሰማ ምክር ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን እሱ ራሱ አንዲት ኳስ መትቶ አያውቅም፤ ለተሸካሚ አይፈቀድም ነበር። ይህን ሲነግረኝ አላማረረም። የዓመት በዓል ቀን ሥራ እንደገባ ሰው፣ እንዲያው የሆነውን ብቻ ነው የተናገረው። እኔ ግን ዓይኑ ውስጥ ያለውን ምኞት አይቼ ነበር።

እንግዲህ ጡረታ ሲወጣ፣ ለረጅም ጊዜ ቦርሳቸውን የተሸከመላቸው አንድ ሰው ቤታቸው ውስጥ የነበረውን የጎልፍ መጫወቻ በአዲስ ቀየሩና አሮጌውን ከአሮጌ ዱላዎቻቸው ጋር ሸለሙት። ዕቃው አንድ ካሜራ ያለባት ሣጥን፣ ኮምፒውተር፣ ፕሮጀክተርና ወፍራም ነጭ ሸራ ነው። ሸራው ይሰቀላል፣ የመስክ ሥዕል ይበራበታል፣ ኳሷን ወደ ሸራው ትመታላችሁ። ሣጥኗ አመታታችሁን አይታ ኳሷ ሜዳ ላይ ብትሆን ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር ታሰላለች፣ ሥዕሉም ላይ ስትበር ታሳያችኋለች። ኳሷ ራሷ ግን ሸራውን ተላትማ እግራችሁ ሥር ትወድቃለች። ሩቅ አገር ተሂዶ ከቤት ያልተወጣበት ጨዋታ ነው።

ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ ዱላውን ይዞ ወደ ግጦሹ መስክ ነበር የወረደው። ሲሰነዝር ዱላው ከኳሷ ቀድሞ መሬቱን አገኘውና አንድ ጉማጅ ሣር ከነሥሩ ተነሥቶ ከኳሷ ርቆ ሄደ። በጎቻቸውን ያሰማሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። ግጦሽ ከነሥሩ የሚነቅል ትልቅ ሰው አይተው እንደማያውቁ በጨዋ ደንብ ነገሩትና ጉማጁን ወደ ቦታው መልሶ በእግሩ እስኪረግጠው ድረስ ቆመው ጠበቁት። ኳሷን ደግሞ ነፋሱ አንከባሎ ከመስኩ ዳር ወዳለው ገደል ወሰዳት። አሁን ከታች መርሐቤቴ ቆላ ውስጥ ሳትኖር አትቀርም። በማግሥቱ ጋሽ ተሰማ ግንበኛ ጠራ።

የክፍሉን ከፍታ የለኩት እንዲህ ነው፤ ጋሽ ተሰማ ዱላውን ይዞ ቆመ፣ እስከ መጨረሻው አንሥቶ ሰነዘረ፣ ግንበኛው የዱላው ጫፍ የደረሰበትን በዓይኑ ያዘና ከዚያ በላይ ክንድ ጨመረ። መስኮት አይኑረው ተባለ። ሁላችንም ለብርዱ ብለን ከነቤታችን ጎንበስ ባልንበት አገር መስኮት አልባ ግንብ ብድግ አለ። ወሬ ሲኒማ ቤት ነው አለ፤ መጋዘን ነው አለ። በመጨረሻ ግን ወፍጮ ቤት ነው በሚለው ተስማማንና ሴቶቹ መቼ እንደሚጀምር ይጠይቁ ጀመር። የጋሽ ተሰማ መልስ «ቆዩ፣ ይደርሳል» ብቻ ነበር።

እህቴ ግን ወሬም ግምትም አላስፈለጋትም፤ ክፍሉ ለምን እንደሚሠራ አውቃለች። የማርያም ማኅበር አላት። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ማኅበርተኛው ጠባብ ቤቷ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ግማሹ ደጅ ተቀምጦ፣ ጠላው በሰው ራስ ላይ እየተላለፈ ነበር የሚደገሰው። ሰፊ ክፍል እንዲሠራላት ሳትለምነው የቀረችበት ጊዜ የለም። እና ባሏ ይኸው ሠራላት። ደስታዋ ለከት አጣ። ለወለሉ የታዘዘው ሰው ሠራሽ ሣር ተጠቅልሎ የመጣ ዕለት እንደ ቄጤማ ወለሉ ላይ ዘርግታ በእጇ ዳሰሰችውና «የማይደርቅ ቄጤማ አመጣልኝ» አለችኝ። ጋሽ ተሰማ አጠገባችን ነበር። አልዋሸም። ዝም አለ እንጂ። ትዳር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ዘመሮ ውስጥ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሸራውን ሰቅዬ፣ ኮምፒውተሩን አገጣጥሜ ስጨርስ ግድግዳው ላይ በባሕር ዳርቻ ያለ አረንጓዴ መስክ በራ። ጋሽ ተሰማ ካፖርቱን አወለቀ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሸራውን አየች፣ ዱላውን አየች፣ እኔንም አየችኝ። 

«ማኅበሬስ የት ይቀመጣል?» አለች።

«ከኳሷ በስተኋላ ይቀመጣላ» አላት ጋሽ ተሰማ። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ከኳስ ፊት መቀመጥ አደገኛ ነው። እሷ ግን ሰምታው ወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሏ ጋር መነጋገር ተወች። መልእክት የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ሦስታችንም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን «ወጥ ይጨምር እንደሆነ ጠይቀው» ትለኛለች፤ እሱም ሰምቶ ሲያበቃ የእኔን መጠየቅ ይጠብቃል።

ኩርፊያው ባልከፋ፤ ሌላ ጉድ መጣ። ጋሽ ተሰማ ኳስ መምታት አልቻለም። የሚያውቀው ሁሉ አፉ ላይ ነው፤ እጁ ግን አልሰማም። ኳሷ አንዴ ወደ ባሕሩ፣ አንዴ ወደ ጫካው ትሄዳለች፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ዱላው በላይዋ ያልፍና ሣጥኗ ምንም እንዳልሆነ ዝም ትላለች። ከጠዋት እስከ ምሳ ይሞክራል፤ ከምሳ በኋላ ይሞክራል። አንድ ቀን ስገባ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አገኘሁት።

«ስንቱን ሰው ትከሻህን ልቀቅ ብዬ» አለኝ፤ «የራሴ ትከሻ አልለቅ አለኝ። ዕድሜ ልኩን ጎብጦ፣ አሁን ተነሥ ብለው ከየት ይምጣ?»

ለካስ መሳቅም መብት ብቻ ሳይሆን አንጀትም ይፈልጋል። ሣጥኗን እንዳበላሸ ሰው ሽቦ ስነካካ ቆይቼ ወጣሁ።

የማኅበሩ ተራ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። እህቴ በእኔ በኩል አስነገረችው፤ ጎልፍ ኖረም አልኖረም ማኅበሩ የሚቀመጠው እዚያ ክፍል ነው፣ እሱ የሚጠበቅበት ዱላውን ማንሣት ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ ወዲያው እሺ አለ። የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ልምምዱ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ዱላዎቹን ጥግ አስቀምጦ አግዳሚ ወንበሮቹን ራሱ ደረደረ። ኮምፒውተሩንና ፕሮጀክተሩን ማጥፋት ግን ሁለታችንም ረሳን።

ማኅበርተኛው ገባ። ክፍሉ ሁሉንም ይዞ ገና ቦታ ተረፈው፤ እህቴ ይህን ስታይ ፊቷ ጥቂት ፈታ አለ። የንስሐ አባቷ መምሬ ኃይሉ በጧፍ ብርሃን ጸሎት አደረሱ፣ ጽዋው ዞረ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ጨዋታው ሞቅ ማለት ሲጀምር መብራቱ መጣ። ከመምሬ ኃይሉ ራስ በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ያ አረንጓዴ መስክ በራ።

 እህቴ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቀረች። መምሬ ኃይሉ ዞረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህ የማን ግጦሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ጋሽ ተሰማ የባሕር ማዶ መሆኑን ነገራቸው። ሕዝቡ ሣሩን ለክፉ ቀን ዘግቶ ከሚጠብቅበት ከጓሳ በኩል የመጡት አቶ ሽፈራው፣ የተዘጋ ሣር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ መሬቱ በደንብ እንደተጠበቀ መሰከሩ። ከዚያ ለከብት መቼ እንደሚከፈት ጠየቁ። ጋሽ ተሰማ እንደማይከፈት ነገራቸው። ክረምት ሲከፋስ? አይከፈትም። ድርቅ ሲመጣስ? አይከፈትም። ታዲያ ሣሩ የሚጠበቀው ለማን ነው? ጋሽ ተሰማ ጥግ ሄዶ ነጯን ኳስ አምጥቶ አሳያቸው። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ሁሉም አገላብጦ አያት፤ አፍ እንኳ የላትም። ማኅበርተኛው ለባሕር ማዶ በጎች ከልቡ አዘነ።

አቶ ሽፈራው ግን ዓይናቸው ዱላው ላይ ቀርቷል። በወጣትነታቸው በገና ጨዋታ ስማቸው የሚጠራ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ይሞክሩ ዘንድ መምሬን ፈቃድ ጠየቁ፤ መምሬም ጽዋው ካለፈ ክልክል እንደሌለው ተናገሩ። ወንበር ተሳበ። የመጀመሪያዋ ኳስ ባሕር ገባች። ያን ጊዜ ጋሽ ተሰማ ማንም ሳይጠራው ተነሣ። ዱላውን ከእጃቸው ተቀብሎ ሌላ ሰጣቸው፣ እግራቸውን ጥቂት አራራቀላቸው፣ ከጎናቸው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ።

«ነፋሱ ከግራ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ቀኙ ዛፍ አይመልከቱ። ትከሻዎን ይልቀቁት አባቴ።»

መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነፋስ ከግራ ነው ሲባል የሳቀ ሰው አልነበረም። አቶ ሽፈራው ሰነዘሩ። ሸራው እንደ ነጋሪት ጮኸ፤ ሥዕሉ ላይ ኳሷ ተነሥታ ባሕሩን ተሻግራ ከጉድጓዷ ባንዲራ ሥር ገብታ ተኛች። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ሽፈራው መጀመሪያ ሸራውን፣ ቀጥሎ እግራቸው ሥር የወደቀችውን ኳስ አዩና እዚያኛዋን ማን እንደሚያመጣት ጠየቁ። እዚህም እዚያም ያለችው ያቺው አንዷ መሆኗን ጋሽ ተሰማ ሲያስረዳቸው መምሬ ኃይሉ ጺማቸውን ዳሰሱ፤ ነገሩን ግን ወደ ሃይማኖት ሳይወስዱት ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ባለ ቀን ሁሉ ከዚያ ቤት ሰው አይጠፋም። ከገበያ የሚመለስ ይገባል፤ አህያውን ደጅ አሥሮ የሚሞክርም አለ። ጋሽ ተሰማ ለእያንዳንዱ ዱላ ይመርጣል፣ ነፋሱን ይነግራል፣ እሱ ራሱ አይመታም። ጎረቤት የለመደው ይህን ነው። እኔን ግን ከነከነኝ። ሰውዬው በስተርጅና የራሱን ሜዳ ሠርቶ፣ በራሱ ሜዳ ላይ ተመልሶ ተሸካሚ ሆነ ማለት አይደለም?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ለቅሶ ሄዶ ክፍሉ ባዶ በሆነ ጊዜ ልጠይቀው ገባሁ። አፌን ሳልከፍት እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ገባች። በዓይኗ አላየችኝም፤ መልእክትም አልሰጠችኝም። በቀጥታ ወደ ባሏ ሄደች።

«የትኛውን ልያዝ?» አለችው።

ጋሽ ተሰማ ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ዱላዎቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆየ። አንዱን አውጥቶ መያዣውን በጋቢው ጫፍ ወልውሎ ሰጣት። እሷ ስትዘጋጅ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩና የመጣሁበትን ጠየቅኩት። ይህን ሁሉ ደክሞ ሠርቶ ሲያበቃ፣ ያው እንደ ድሮው ለሰው ዱላ ማቀበሉ አይከፋውም ወይ አልኩት።

«እንደ ድሮው አይደለም» አለኝ። «ድሮ ሰውዬው ኳስ ሲስት ዝም ማለት ነበረብኝ።»

እህቴ ዱላዋን እስከ ጣራው አንሥታ በሙሉ ኃይሏ ሰነዘረች። የዱላው ነፋስ ቀሚሷን አወዛወዘው። ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ጋሽ ተሰማ ሳቀ። የሳቀው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ዱላው ገና እጇ ላይ ነበር።