የአንድ ሰው መጥበሻ

ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሻጭ የሚያስለምን ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚፈጠረው። በብራስልስ የማሮል ሰፈር ይህን ማዕረግ ክብርት ማዳም ኦክታቪ ከያዙት አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

ማዳም ኦክታቪ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት አደባባይ ላይ ብቅ ሲሉ ሻጩ ሁሉ እንደ ወታደር ቀጥ ይላል፤ አንዳንዱም ጥሩ ጥሩውን ዕቃ በሸራ ይሸፍናል። ዋጋ ሲነገራቸው መነጽራቸውን ያወልቁና ሻጩን እንደ በሽተኛ በሐዘኔታ ያዩታል። "እሱስ የመክፈቻው ነው፤ የመዝጊያውን ንገረኝ እንጂ!" አንዴ ሦስት ወንበር በሁለት ወንበር ዋጋ ከገዙ በኋላ፣ ሻጩ አራተኛውን "ይውሰዱልኝና ይሂዱልኝ" ብሎ ለምኗቸዋል። ለጎረቤት ቀብር አበባ ሲገዙም፣ "ሟቹ እንደሆነ አያሸትተውም" ብለው አስቀንሰዋል።

ባለቤታቸው አቶ ኤድሞን፣ በሰፈሩ አጠራር ሙሴ ኤድሞን፣ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላቸው ቆመው እስከ አንገታቸው እየቀሉ ኖረዋል። "ኦክታቪ፣ በቃ፣ እንሂድ" ይላሉ። የሚሰማቸው የለም።

በመጋቢት ግን ማዳም ኦክታቪ የልብ ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። ሐኪሙ "ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ይተኛሉ" ሲላቸው፣ ሙሴ ኤድሞን የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ክርክሩን ጠበቁ። ማዳም ኦክታቪ "እሺ" አሉ። እሺ ብቻ። 

ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ተቀጠረ። እሑድ ጠዋት ማዳም ኦክታቪ "ገበያ እንውረድ" አሉ። በየሃያው እርምጃ ቆም እያሉ "ጫማዬ ነው" ይላሉ። ሙሴ ኤድሞን ጫማው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን ምን ይበሉ?

ጊስላን የሚባለው የማድቤት ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሲደርሱ፣ ማዳም ኦክታቪ አንዲት የብረት መጥበሻ አነሱ። ትንሽ ናት፤ ከአንድ እንቁላል በላይ አትይዝም።

"ስንት ናት ጊስላን?"

"አሥራ ስምንት ዩሮ፣ ማዳም" አለና ለውጊያው ተዘጋጅቶ እጁን አጣመረ።

ማዳም ኦክታቪ ቦርሳቸውን ከፍተው ሃያ ዩሮ ዘረጉለት።

ጊስላን ገንዘቡን እያየ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። "ማዳም... አሥራ ስምንት እኮ ነው ያልኩት።"

"ሰምቻለሁ።"

"እጀታዋ ይወዛወዛል እኮ! ስምንትም አታወጣ!"

"ግድ የለም። ለኤድሞን ናት። አንድ እንቁላል ጠብሶ መብላት ይልመድ።"

ሙሴ ኤድሞን ትንሿን መጥበሻ ትኩር ብለው አዩ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ከአራት እንቁላል በታች ተጠብሶ አያውቅም። ሴትዮዋ መሄዳቸው ነው፤ ወስነዋል፤ ሳይከራከሩ ሊሄዱ ነው! ጊስላን ገንዘቡን እንዳይቀበል አንድ ነገር ማድረግ ነበረባቸው። ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ከክምሩ ውስጥ ትልቁን መጥበሻ መዘዙ።

"ይሄስ ስንት ነው?"

"ሠላሳ፣ ሙሴ ኤድሞን።"

በዕድሜያቸው ዋጋ ተከራክረው የማያውቁት ሰው ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ጮኹ፦ "ሠላሳ አምስት! ከዚያ በላይ ሰባራ ሳንቲም አልጨምርም!"

ማዳም ኦክታቪ ቀስ ብለው ዞሩ። "ምን አልክ?"

"ሠላሳ አምስት። እምቢ ካለም አርባ እሰጠዋለሁ።"

ጊስላን የሰውዬውን ዓይን አየና ገባው። "አርባ? ተስማማን!"

"ምኑን ነው የምትስማማው፣ አንተ ወንበዴ!" የማዳም ኦክታቪ መነጽር ወለቀ። "የዋህ ሽማግሌ ታታልላለህ? ደግሞ ይሄ መጥበሻ ነው? ቂጡ የተጣመመ! ለመሆኑ እሳት ላይ ይቆማል?"

"ማዳም፣ የአያቶች ዘመን ብረት ነው!"

"ታዲያ ከአያቶቹ ጋር አትቀብረውም? ዘጠኝ ዩሮ!"

"ልጆቼን ሊያስርቡብኝ ነው!"

"ልጆችህን አውቃቸዋለሁ፤ ትንሽ ቢርባቸው ይሻላቸዋል!"

ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማዳም ኦክታቪ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ሁለት ጊዜ ትተው ሄደው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ሙሴ ኤድሞን መላው አደባባይ እያያቸው አፈሩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አፍረውም አያውቁም። በመጨረሻ ትልቁ መጥበሻ ከነክዳኑ በአሥራ አንድ ዩሮ ተሸጠ። ትንሿን ጊስላን ራሱ ጠረጴዛ ስር ወርውሮ ደበቃት።

ሲመለሱ ማዳም ኦክታቪ ክንዳቸውን ያዙ።

"ኤድሞን።"

"ወይ።"

"ፈርቼ ነው።"

"እኔም" አሉ ሙሴ ኤድሞን። መጥበሻውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው እርምጃቸውን ቀነሱላቸው።

ሐሙስ ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ሙሴ ኤድሞን ኮሪደሩ ላይ በር በተከፈተ ቁጥር እየተነሱ፣ በተዘጋ ቁጥር እየተቀመጡ ዋሉ። በመጨረሻ ነርሷ ጠርታ አስገባቻቸው። ማዳም ኦክታቪ ገርጥተዋል፤ ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

"እጅህን አምጣ፤ በርዶኛል" አሉ።

ሙሴ ኤድሞን ሁለቱንም ሰጧቸው።