ሁለት ሰው የማይችል ሞተር

ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ምን እንደሚነካው አላውቅም። መሬት ላይ ሳለ ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ፣ ለጎረቤት ሰላምታ የማያጓድል፣ ባጃጅ ሲጠብቅ እንኳን «እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ጨዋ፣ ኮርቻው ላይ ጉብ ብሎ ሄልሜቱን ሲያጠልቅ ድንገት አገር አሳሽ ይሆናል። መንገዱ ለእሱ የተዘረጋ፣ ዛፉ ለእሱ የተተከለ፣ ደመናውም እሱ እስኪያልፍ ድረስ ዝናቡን አፍኖ የያዘ ይመስለዋል። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ። የማወራው ስለ ራሴ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስንት ተራራ አስወጥቼ፣ ስንት ወንዝ አሻግሬ፣ እኔ ራሴ ግን ከሚዛን አማን፣ ከአማን ሚዛን ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አምና ሞተር ስገዛ ይህን ታሪካዊ በደል ልክስ ቆረጥኩ። ብቻቸውን በሞተር አገር ለአገር የሚዞሩ ሰዎችን ቪዲዮ ስልኬ ላይ እያየሁ ብዙ ተዘጋጅቻለሁ። ዝግጅቴ በአብዛኛው ጃኬት መግዛት ነበር።

ለባለቤቴ ቅዳሜ ወደ ቴፒ ብቻዬን ልጓዝ መሆኔን ስነግራት ምን ላመጣ እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ምንም እንደማላመጣ፣ ጉዳዩ ጉዞው ራሱ እንደሆነ፣ ከራሴ ጋር ልገናኝ እንደምሄድ አብራራሁላት። እዚሁ ቤት ውስጥ ከራሴ ጋር እንዳልገናኝ የከለከለኝ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሞተሬን አስነስቼ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ጋብ ብሎ ሁሉም ነገር የታጠበ ይመስላል። በሚኒባስ ስትሄዱ አገሩን የምታዩት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርታችሁ ነው። በሞተር ግን አገሩ እንዳለ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ቅዝቃዜ ይቀበላችኋል፣ ዳገቱን ስትጨርሱ ፀሐይ። በየደጃፉ የተሰጣው ቀይ ቡና ይሸታል፣ ማር ሊሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ ዓይነት ሽታ። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ያ ነጭ ጭራቸው እንደ ጋቢ ጫፍ ይውለበለባል። ደግሞ ሄልሜት ውስጥ መዝፈን አለ! ድምፄን ከእኔ በቀር የሚሰማው ስለሌለ ያን ቀን በጣም ጥሩ ዘፋኝ ነበርኩ።

ሸኮ የምትባለውን ከተማ ካለፍኩ በኋላ አስፋልቱን ትቼ፣ በቡናው መሀል አድርጎ ወደ ቴፒ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ ገባሁ። እውነተኛ ተጓዥ አስፋልት ይወዳል እንዴ?

ብዙም ሳልርቅ አንዲት ሴት ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። ስማቸው እማማ ብዙነሽ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅኩት። ዕድሜያቸው ከስልሳ አያንስም። ጀርባቸው ላይ ቅርጫት አዝለዋል፣ ብብታቸው ሥር ዶሮ ይዘዋል። ቴፒ ያለችው ልጃቸው ሐሙስ ዕለት እንደወለደች፣ የመጀመሪያ ልጇ እንደሆነ፣ ከባሏ በቀር አጠገቧ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። በዚያ መንገድ መኪና የሚያልፈው በገበያ ቀን ብቻ ነው።

«እስከ ቴፒ ጣል አድርገኝ፣ ልጄ» አሉ።

ይህ ምን ይከብዳል? የኋላ ወንበሬ ባዶ ነው። እኔ ግን ቅርጫቱን አየሁ፣ ዶሮዋን አየሁ። ካየኋቸው ቪዲዮዎች በየትኛው ላይ ነው ከኋላ ዶሮ የተጫነው? ደግሞም ጠዋት ፎቶዬን ለጥፌ ከሥሩ «ብቻዬን» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ሳስብ አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«እማማ፣ የኋላ ሞላው ተሰብሯል። ሁለት ሰው አይችልም።»

ሞላ ከየት እንደመጣልኝ አትጠይቁኝ። ከሞተር ዕቃ በስሙ የማውቀው እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እማማ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው ሞተሩን በሐዘኔታ አዩት።

«ውይ! ታዲያ ከነሕመሙ ነው የምትነዳው?»

«ቀስ እያልኩ ነው» አልኩ።

«እግዜር ይማርልህ» አሉኝ።

ለሞተር «ይማርልህ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢቆጡኝ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ንፉግ!» ቢሉኝ ልቤ ባረፈ ነበር። ከዓይናቸው እስክሰወር ድረስ ሕመምተኛ እንደያዘ ሰው በዝግታ ነዳሁ። ከመታጠፊያው በኋላ ለቀቅኩት።

አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ አንድ ትንሽ ወንዝ አገኘሁ። ግራና ቀኙ ቀይ ጭቃ ነው። አስተዋይ ሰው ወርዶ ሞተሩን ይገፋል። እኔ አንድ እጄን ለቅቄ ስልኬን አወጣሁ፤ ወንዝ ስሻገር ራሴን ልቀርጽ ነው። የተቀረጸው ሰማይ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የእኔ ጩኸት ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ እግሬ ከሞተሩ ሥር ነው። ጭስ ማውጫው ባቴን እየጠበሰኝ ስለነበር ሄልሜቴን አውልቄ በመሀል ሸጎጥኩት። ቁርጭምጭሚቴ ግን ታጥፎ ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል፤ ብስብ አልወጣም አለኝ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ተጣራሁ፣ ወፎቹ ለአፍታ ዝም አሉና ቀጠሉ።

ተኝቼ ሳስብ ስሌቱ ቀላል ነበር። ከፊት ለፊት ማንም አይመጣም። ከኋላ ግን በእርግጠኝነት እየመጣ ያለ አንድ ሰው አለ። «አምላኬ፣ ሰው ላክልኝ» ብዬ ጸለይኩ፤ «ከእሳቸው በቀር ማንም ይሁን።» እንዲህ ያለ ጸሎት ወደ ላይ ይደርሳል ብላችሁ ነው? አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የዶሮዋን ድምፅ ነው።

«ውይ ልጄን! ሞላው ነው አይደል?» አሉ እማማ ብዙነሽ።

ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

ቅርጫታቸውን አወረዱ፣ ዶሮዋን ከቡና ግንድ ጋር አሰሩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ከኋላ በኩል ቢያነሱት እንደሚቀላቸው ነገርኳቸው። «አይ፣ እሱ ጋ ታሟል፣ አልነካውም» ብለው በከባዱ በኩል ዞሩ። እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው፣ እያቃሰቱ፣ ሞተሩን ቀና አደረጉልኝ። ከዚያ ባቴን በወንዙ ውሃ አጥበው ከራሳቸው ላይ ሻሻቸውን ፈትተው አሰሩልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግማሼን ጭቃው ውጦት ነበር፤ አልበቃኝም።

ሞተሩ ተነሳ። ከኋላዬ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። «ከነሕመሙ እኔን ጭነህ ልትገድለው ነው?» አሉኝ። ተሽሎታል አልኩ። «አሁን ወድቆ?» ብለው ሳቁብኝ። ይልቅ ጀርባዬ ላይ ያለውን ቦርሳ ያዙና፣ ይኼም ክብደት ነው፣ አምጣው አሉ። እኔ ወደ እኔ ሳብኩ፣ እሳቸው ወደ እሳቸው ሳቡ። አሸነፉኝ። ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር? የዝናብ ልብስ፣ ቅያሪ ጫማ፣ እስከ አፉ የተሞላ ፔርሙዝ። ያ ሁሉ ቅርጫታቸው ላይ ተጨመረ።

እግሬ አይረግጥም፣ ስለዚህ ከመንዳት በቀር ምርጫ የለኝም። ትቻቸው ልፍጠን ብል ደግሞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እንዲህ ሆነን ሄድን። እኔ ሞተር ላይ በእግረኛ ፍጥነት፣ እሳቸው ከጎኔ በእግራቸው፣ ቅርጫት አዝለው፣ ዶሮ ይዘው፣ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ቦርሳ ተሸክመው።

መንገድ ላይ እውነቱን ልናገር ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ዶሮዋ ልታመልጥ ታገለች። በሁለተኛው፣ ሥራዬን ጠይቀውኝ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ስለ ልጃቸው ትምህርት ማውራት ጀመሩ። በሦስተኛው ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፣

«አንተ ደግ ነህ። ሌላው ዝም ብሎ አቧራውን አልብሶኝ ያልፋል። አንተ ግን ቆመህ ችግርህን ነገርከኝ።»

እስቲ ከዚህ በኋላ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ቴፒ ዳርቻ ስንደርስ ቡና የሚያገላብጡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ቆሙ። አንዷ ጠጋ ብላ እናቴ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። አዎ ብል ጉድ ነው። አይደሉም ብል ደግሞ የማላውቃቸውን አሮጊት ነው እንዲህ የማስኬደው። ሄልሜቴን አጥልቄ መስታወቱን አወረድኩ። ሄልሜቱ ውስጥ ፊቴ ነደደ፤ ፀሐይዋ ግን ደመና ውስጥ ነበረች።

የልጃቸው ባል ታምራት ደጅ ላይ ተቀበለን። ሞተር ጠጋኝ ነው። እስካሁን ያልነገሩኝ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ሊያስደስቱኝ ፈልገው ይሆናል። ይህን በሽተኛ ሞተር ቶሎ እንዲያየው አዘዙትና ወደ አራሷ ገቡ። ታምራት ቁጢጥ ብሎ የኋላውን አንዴ ተጫነው፣ ሁለቴ ተጫነው። ሞተሩ እንደ አዲስ ፍራሽ ነጠር ነጠር አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ባቴ ላይ የታሰረውን ሻሽ ማጥናት ጀመርኩ።

«አልተሰበረም» አልኩት በሹክሹክታ። «ዋሽቻቸው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «በዓመት ውስጥ አራተኛው ነህ። ለምነውት ያልጫናቸው ሁሉ ሞላው ተሰብሮ ነው። መንገዱ ሞላ ይሰብራል ብለው ወንዙ ጋ ጋራዥ ክፈት እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል።»

ለምን እውነቱን እንደማይነግራቸው ጠየቅኩት።

«ምን ብዬ? ያገኙት ሰው ሁሉ ይዋሽዎታል ልበላቸው?»

እማማ ብዙነሽ ጨቅላውን ታቅፈው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሻሻቸው እኔ እግር ላይ ስለሆነ ራሳቸው ባዶ ነበር።

«እህስ? ተሰብሯል?»

ታምራት ጥያቄውን ለእኔ ተወው። ጨርቁን ይዞ እኔን አየኝ። ዕድሉን እየሰጠኝ ነበር። ሰው ለመሆን ከዚያች ደቂቃ የተሻለ ጊዜ አላገኝም።

«ተሰብሯል» አልኩ።

«አላልኩህም!» ብለው ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አራተኛው ነው! እስቲ ይኸው አስተማሪው ይፍረድ። ወንዙ ጋ ጋራዥ ቢከፍት ምን ይለዋል?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ቦታው ለጋራዥ እጅግ በጣም ምቹ መሆኑን አስረዳሁ።